«ንቀሉልኝ» ከማለት በፊት

የጥርስ ሕመም ሌሊትን ይመርጣል። ቀን ሥራ ላይ ሲውሉ ዝም ያለ መንጋጋ ባለቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ሲል ይነሳበታል። ቅርንፉድ ይነከሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ አረቄ በአፍ ተይዞ ይቆያል። አንዳንዱም ከሻንጣው ሥር ከአገር ቤት የመጣ አሞክሲሲሊን ፈልጎ ሁለት ፍሬ ይውጣል። ሲነጋ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተሂዶ የሚነገረው ቃል ግን ያው የቆየው ነው፤ «ንቀሉልኝና ልገላገል!»

ይህ አነጋገር አገር ቤት በቂ ምክንያት ነበረው። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለታመመ ጥርስ የሚገኘው ሕክምና ለብዙ ዘመን ጉጠት ብቻ ነበር። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ግን ሌላ ምርጫ ይቀርብለታል፤ ስሙም ሩት ካናል ይባላል። ምርጫው ሲቀርብ በአንድ በኩል ዋጋው ያስደነግጣል፣ በሌላ በኩል ወዳጅ ዘመድ «እሱ ነገር ካንሰር ያመጣል አሉ» የሚል ወሬ ይጨምርበታል። በዚህ መሐል ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ በአሥር ደቂቃ ውሳኔ ይወጣል። የወጣ ጥርስ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። በምትኩ ሰው ሠራሽ ይተከል ቢባል ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱን ከማዳን ይበልጣል፤ ክፍተቱ ይቅር ቢባልም ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ መጋደል ይጀምራሉ።

ጥርስ ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ቢመስልም ውስጡ ሕይወት አለው። በጠንካራው አካል መሐል ደም ሥርና ነርቭ የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ይህም በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ጥርስ ሲቦረቦር ባክቴሪያ እዚህ ሥጋ ዘንድ ይደርሳል። ሥጋው ሊያብጥ ይሞክራል፤ ዙሪያው ግድግዳ ስለሆነ ግን የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ሌሊት የሚያስጮኸው ይኸው ነው። ጥቂት ሲቆይ ሥጋው ይሞታል፤ ሲሞት ሕመሙም ጸጥ ይላል። ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን የሚሰርዘው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን አልተሻለውም። ባክቴሪያው በቦዩ ወርዶ ከሥሩ ጫፍ በታች ያለውን አጥንት ማስበላት ጀምሯል።

በሩት ካናል ሐኪሙ ጥርሱን ያደነዝዝና በቀጭን ላስቲክ ከምራቅ ይከልለዋል። ከዚያም ከላይ ቀዳዳ ከፍቶ የታመመውን ወይም የሞተውን ሥጋ ያወጣል፣ ቦዩን ውስጥ ለውስጥ እየሞረደ በመድኃኒት ያጥበዋል፣ በመጨረሻም ጉታ ፐርቻ በሚባል ከዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ ጎማ መሰል ነገር ይደፍነዋል። ሕዝቡ ይህንን «ነርቭ መግደል» ይለዋል። አባባሉ ሰውን ከማስፈራት በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ነርቩ ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት ሞቶ ይገኛልና። ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ቀጭን ሞረድ የተሠራውም ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ ዋሽንግተን ነው። በ1838 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋርድ ሜይናርድ የተባለ የከተማው የጥርስ ሐኪም የሰዓት ሞላ ሞርዶ አበጀው። ይኸው ሰው በጠመንጃ ፈጠራም ስሙ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ወሬው እንምጣ። ወሬው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ስለሆነ ከየት እንደተነሳ ማወቅ ይጠቅማል። በ1910 ዊልያም ሀንተር የተባለ የለንደን ሐኪም በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ በበሰበሰ ጥርስ ላይ የሚለበጠው ወርቅ የልዩ ልዩ በሽታ ምንጭ ነው ሲል ወቀሰ። ቀጥሎም በክሊቭላንድ ዌስተን ፕራይስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከሕመምተኞች የነቀላቸውን ጥርሶች ከጥንቸል ቆዳ ሥር እየቀበረ ጥንቸሎቹ መታመማቸውን በ1923 አሳተመ። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የልብ ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ «ጥርስህ ይውጣ» እየተባለ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥርስ ተነቀለ። ጥርሳቸው ወጥቶ ያልዳኑት ሰዎች ግን ብዙ ነበሩ። ሌሎች ተመራማሪዎችም የፕራይስን ሙከራ ንጽሕናውን ጠብቀው ሲደግሙት ያንን ውጤት አላገኙም። ጥርሱ ሲነቀል ከድድ ላይ ባክቴሪያ ይዞ እንደሚወጣም ተገለጸ።

ነገሩን ይበልጥ ያጠራው ሙከራ የተካሄደው ብዙ አንባቢ በየቀኑ በባቡር ከሚያልፍበት ቤተዝዳ፣ በመንግሥት የጥርስ ምርምር ተቋም ነው። ሦስት ተመራማሪዎች፣ ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ፣ በ1965 ያሳተሙት ይህ ጥናት በሁለት ዓይነት አይጦች ላይ የተሠራ ነበር። አንደኞቹ እንደማንኛውም አይጥ ያደጉ ሲሆኑ ሌሎቹ ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ቦታ የኖሩ ናቸው። የሁሉም ጥርስ ውስጡ እስኪታይ ተሰረሰረ፤ ሳይደፈንም ክፍቱን ተተወ። የተራዎቹ አይጦች ጥርስ ሞተ፣ መግልም ያዘ። ባክቴሪያ የሌለባቸው አይጦች ጥርስ ግን ምግብና ቆሻሻ እየገባበት እንኳ አልሞተም፤ ቁስሉ ላይ አዲስ ድልድይ አበጅቶ ዳነ። ጥርስን የሚገድለው ቀዳዳው ሳይሆን በቀዳዳው የሚገባው ባክቴሪያ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የሩት ካናል ጥበብ በሙሉ ባክቴሪያውን አውጥቶ በሩን መዝጋት ሆኗል።

ወሬው ግን አልሞተም። በ2018 በአውስትራሊያ የተሠራ አንድ ፊልም ሩት ካናልን የካንሰርና የሌላም በሽታ ምክንያት አድርጎ አቀረበ። የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት ፊልሙ ሕዝብን ያሳስታል ብለው ጻፉ፤ ኔትፍሊክስም በ2019 ከዝርዝሩ አወጣው። ሩት ካናል ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠ ጥናት የለም። ባልታከመ ጥርስ ሥር ለዓመታት የተቀመጠ መግል የቀረውን አካል ይጎዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በብርቱ ይጠናል። ስለዚህ ሥጋት የሚገባው ሰው ያልታከመው ነው።

ሐኪሙ ከድድ በታች የሚሆነውን የሚያውቀው በራጅ ነው፤ ስለ ራጅም ሰው ሁለት ተቃራኒ ስሕተት ይሠራል። አንዱ ጨረሩን ፈርቶ «ራጅ አልነሳም» ይላል፤ ሌላው «ራጁ ደህና ነው ብሏል» በሚል ሕመሙን ችላ ይላል።

ፍርሃቱ ታሪክ አለው። ሮንትገን ጨረሩን ባገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥር 1896፣ ኦቶ ዋልክሆፍ የተባለ የጀርመን የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርሶች ራጅ አነሳ። ለአንድ ሥዕል መስታወቱን በአፉ ይዞ 25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። በኒው ኦርሊንስም ኤድመንድ ኬልስ የተባለ ሐኪም በ1899 በጥርስ ቦይ ውስጥ የእርሳስ ሽቦ አስገብቶ በራጅ ርዝመቱን ተመለከተ፤ ዛሬ ሐኪሞች በሩት ካናል መካከል ራጅ የሚያነሱት በዚያው ሐሳብ ነው። ኬልስ መሣሪያውን ለማስተካከል የራሱን እጅ በጨረሩ ፊት ያደርግ ነበር። ካንሰር ያዘው፤ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ እጁን፣ ቀጥሎ ክንዱን አጣ፤ በ1928ም ሞተ። ሙያው ጥንቃቄን የተማረው በእነዚህ ሰዎች አካል ነው።

የዛሬው ራጅ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ ወደ 0.005 ሚሊሲቨርት የሚጠጋ ጨረር ይሰጣል፤ ይህም ሰው ከምድሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ ያለ ምንም ራጅ በአንድ ቀን ገደማ የሚያገኘው መጠን ነው። በ2024 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በሽተኛ ደረትና አንገት ላይ የሚደረገው የእርሳስ መሸፈኛ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል ምክር አውጥቷል። ስለዚህ «ለእኔ ሲሆን ጃኬቱን ነፈጉኝ» ብሎ የሚቀየም ሰው ቢኖር ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ለሐኪሙ መናገር ይኖርባታል እንጂ የታመመ ጥርስ ይዛ እስክትወልድ መታገሥ የለባትም።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ጥርስ ያስከፍላል። ራጅ ጥላ ነው። የእጅ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የትኛው ጣት ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ እንደማይለይ ሁሉ፣ ሦስት ሥር ያለው የላይ መንጋጋ በፊልም ላይ ሥሮቹ ተደራርበው ይታያሉ። በአብዛኞቹ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋዎች ደግሞ አራተኛ ቀጭን ቦይ ተደብቆ ይገኛል፤ እሱ ሳይጸዳ ከቀረ ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ከዓመታት በኋላ መልሶ ያማል። ሌላም ችግር አለ። ቤንደርና ሰልትዘር የተባሉ ሁለት የፊላዴልፊያ ተመራማሪዎች በ1961 በሬሳ መንጋጋ አጥንት ላይ ቀዳዳ እያበጁ ራጅ ሲያነሱ፣ የውስጠኛው አጥንት ብቻ የተጎዳ እንደሆነ ፊልሙ ምንም እንደማያሳይ አስተዋሉ። ጥቁሩ ጥላ የሚታየው ጉዳቱ የውጪውን ጠንካራ አጥንት ሲነካ ነው። እንግዲህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት ምናልባት «ገና አልታየም» ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ፊልሙን ብቻ አይቶ የማይፈርደው፤ ጥርሱን በቀዝቃዛ ይነካል፣ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርጋል፣ ጎረቤቱን ጥርስም ይፈትናል። ይህን ሳያደርግ በጉጠት የሚቸኩል ሐኪም ቢገጥም ሌላ ሐኪም መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመጀመሪያ በአውሮፓና በጃፓን፣ ከ2001 ወዲህም በአሜሪካ ኮን ቢም የሚባል መሣሪያ ገበያ ላይ ውሏል። መሣሪያው በራስ ዙሪያ ይዞርና ጥርሱን በሦስት አቅጣጫ ያሳያል፤ ሐኪሙም በኮምፒዩተር ላይ እንደ ዳቦ እየቆራረሰ ይመለከተዋል። በብራዚል ኤስትሬላና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት 1,508 ጥርሶች በሦስት ዓይነት ሥዕል ተመረመሩ። በሥር ጫፍ ላይ ሕመም አለባቸው የተባሉት ጥርሶች አፍን በሙሉ በሚያነሳው ፓኖራሚክ ራጅ ከመቶ 17.6፣ በትንሹ የአፍ ውስጥ ራጅ 35.3፣ በኮን ቢም ግን 63.3 ሆኑ። ያው ጥርስ፣ ያው ሰው ነው፤ የተለየው መሣሪያው ነው።

ይህን ቁጥር አንብቦ «ታዲያ ለእኔም በኮን ቢም ይነሳልኝ» ማለት ደግሞ መቸኮል ነው። መሣሪያው ከትንሹ ራጅ ብዙ እጥፍ ጨረር ይሰጣል፣ ኢንሹራንስም ሁልጊዜ አይከፍልም። እየዳነ ያለ አጥንትም በኮን ቢም ላይ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ የሩት ካናል ስፔሻሊስቶችና የአፍ ራጅ ስፔሻሊስቶች ማኅበራት በ2010 በጋራ አውጥተው በ2015 ባሻሻሉት መመሪያ፣ መነሻው ትንሹ ራጅ ይሁን፣ ኮን ቢም የሚያስፈልገው ጥያቄ ሲቀር ነው፣ ሲነሳም የተፈለገውን አካባቢ ብቻ ይሁን ይላሉ። በሽተኛው መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው፤ «ትንሹ ራጅ ያልመለሰልዎት ጥያቄ ምንድን ነው?» መልሱ «ከዚህ በፊት የተሠራው ሩት ካናል መልሶ አሞታል፣ የተደበቀ ቦይ እንዳለ ልይ» ከሆነ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። መልሱ «እኛ ለሁሉም እናነሳለን» ከሆነ ማመንታት ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርሱ ይቆያል ወይ? በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳተሙት ከመቶ 86 የሚሆኑት ጥርሶች ሙሉ በሙሉ ድነው ተገኝተዋል፤ 95 የሚሆኑት ደግሞ ሕመም ሳይኖርባቸው ያኝኩ ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሳለህራቢና ሮትስታይን በ2004 ያሳተሙት ነው። የአንድ ትልቅ የጥርስ ኢንሹራንስ መዝገብ አገላብጠው 1,462,936 ሩት ካናል የተሠራላቸውን ጥርሶች ለስምንት ዓመት ተከታተሉ። ከመቶ 97 የሚሆኑት ሳይነቀሉ ቆይተዋል። ከተነቀሉት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 85 የሚሆኑት በክራውን፣ ማለትም ጥርሱን በሙሉ በሚያለብሰው ሽፋን፣ ያልተሸፈኑ ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር በተለይ በስደት ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ወገን ሩት ካናሉን በብድርም በክሬዲት ካርድም አሠርቶ፣ ሕመሙ ሲቆምለት «ክራውኑን ለሚቀጥለው ዓመት» ይላል። ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ፣ ኪራይ አለ፤ ጥርሱ ደግሞ አያምም። ነገር ግን ውስጡ የተቦረቦረ መንጋጋ እንደ ተሰነጠቀ ጀበና ነው። አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጠም እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል። ለተሰነጠቀ ሥር መድኃኒት የለውም፤ ያን ጊዜ መንቀል ትክክል ነው፣ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ የሩት ካናሉን ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ድምር መጠየቅና ሁለቱንም መጨረስ የሚቻልበትን ጊዜ አስቀድሞ ማቀድ ይበጃል። የሁለቱን መክፈል ጨርሶ የማይቻል ከሆነም ከመጀመሪያው በግልጽ ተነጋግሮ መንቀል፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ከመክሰር ይሻላል። የፊት ጥርስ ግን ብዙ ካልተበላ አንዳንድ ጊዜ በተራ መሙያ ሊቆይ ይችላል።

ከሻንጣው ስለሚወጣው አሞክሲሲሊንም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ ጤነኛ አዋቂ ሰው የጥርስ ሕክምና ማግኘት እስከቻለ ድረስ ለአብዛኛው የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ አይሰጠው ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፣ መድኃኒቱም የሚደርስበት መንገድ የለውም። ትኩሳት ሲኖር፣ ፊት ወይም አንገት ሲያብጥ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በ2007 በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከታመመ ጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞቷል። ጥርሱን ለመንቀል 80 ዶላር ያህል ይበቃ ነበር። ሆስፒታል ገብቶ ሳይድን ለቀረበት ሕክምና የወጣው ወደ 250,000 ዶላር ይጠጋል። የቤተሰቡ ሜዲኬድ ተቋርጦ ነበር።

ስለ ሜዲኬድ ከተነሳ፣ በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከጥር 2023 ወዲህ ሜዲኬድ ለአዋቂዎችም የጥርስ ሕክምና መክፈል ጀምሯል። ካርዱን ይዘው ይህን የማያውቁ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ልጆቻቸው ደውለው ምን እንደሚሸፈን ቢጠይቁላቸው መልካም ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የጥርስ ሐኪሞች የሚማሩባቸውን ክሊኒኮች መሞከር ይችላል። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በባልቲሞርም በ1840 የተቋቋመውና በዓለም የመጀመሪያው የሆነው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ፣ ማለትም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት፣ ይገኛሉ። ተማሪው በመምህሩ ዓይን ሥር ስለሚሠራ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀጠሮውም ይደጋገማል፤ ዋጋው ግን ከግል ሐኪም ያነሰ ነው።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ የራጁን ቅጂ ጠይቆ ቤት ማስቀመጥ የበሽተኛው መብት ነው። ከዓመት በኋላ ያው ጥርስ በትንሹ ራጅ እንደገና ይነሳና ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ከሥሩ ጫፍ ያለው ጥቁር ጥላ ካነሰ አጥንቱ እየተመለሰ ነው። ገና ጨርሶ ካልጠፋም አያስደነግጥም፤ አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ አንዳንዴ እስከ አራት ዓመት ይፈጅበታል።